ድንጋይ ውስጥ ያሉትን ጓዳዎች የቆጠረው ሰው፦ አልሲድ ዶርቢኚ

በኦጋዴን፣ የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ወደ ሶማሊያ ከመሻገሩ በፊት ሙስታሂል የምትባል ከተማ አለች። በአካባቢዋ የሚገኘውን የኖራ ድንጋይ ጂኦሎጂስቶች በከተማዋ ስም ይጠሩታል። ድንጋዩ ከዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አገሩ ባሕር በነበረበት ጊዜ የተነባበረ ነው። ጠጋ ብሎ ያየው ሰው ምስር ወይም የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ፣ አንዳንዶቹም ከላይ ሾጠጥ ብለው የምጣድ አክንባሎ የሚመስሉ ነገሮች ተበትነውበት ያገኛል። ዘር አይደሉም፤ ጠጠርም አይደሉም። ባንድ ሴል ብቻ ይኖሩ የነበሩ የባሕር ፍጡራን ቤቶች ናቸው። ፍጡራኑ ከጠፉ ዘመናት አልፈዋል፤ ወገናቸው ግን ስም አለው፤ ኦርቢቶሊና ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ኢትዮጵያን አልረገጠም። በ1850 ፓሪስ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ ስሞች ጋር አሰፈረው እንጂ ያ ስም አንድ ቀን ዋቢ ሸበሌ ዳር ይደርሳል ብሎ ያሰበ አይመስልም።

ሰውየው አልሲድ ዶርቢኚ ነው። በጅቡቲ ስንኖር የብዙ ፈረንሳውያንን ስም በመንገድና በትምህርት ቤት እንሰማለን፤ የእሱ ግን ከእነዚያ አንዱ አይደለም። ቢሆንም የሥነ ምድር ትምህርት የሚማር ማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ ጅቡቲያዊ ወይም ሶማሊያዊ ተማሪ ሳያውቀው በየቀኑ የእሱን ቃላት ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ስለ ፍጡራኑ ጥቂት ካላልን የሰውየው ልፋት አይገባንም። ፎራሚኒፌራ ይባላሉ። አብዛኞቹ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጡም፤ አልፎ አልፎ ግን ሳንቲም የሚያህሉ፣ ከዚያም የሚተልቁ አሉ። አካላቸው አንድ ሴል ነው፤ ዓይንም ሆድም የላቸውም። ነገር ግን ቤት ይሠራሉ። ገሚሶቹ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም ካርቦኔት እያወጡ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከባሕሩ ወለል ላይ የአሸዋ ደቃቅ እየለቀሙና እያጣበቁ ይገነባሉ። እያደጉ ሲሄዱ ቤቱ ስለሚጠባቸው አዲስ ጓዳ ይጨምራሉ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ጓዳዎቹ በቀዳዳ ይገናኛሉ። ፍጡሩ ሲሞት ሴሉ ይበሰብሳል፣ ቤቱ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ ዘመን ሲያልፍ ድንጋይ ይሆናል። እስካሁን ከታወቁት ወደ 50,000 ገደማ ዝርያዎች መካከል አብዛኞቹ የጠፉ ናቸው። የጊዛን ፒራሚዶች ድንጋይ የሞሉትም ከእነዚሁ አንዱ ወገን፣ ኑሙላይት የሚባለው ነው። ስትራቦ የሚባለው የጥንት ጂኦግራፈር ወደ ግብፅ ሄዶ በነበረበት ጊዜ የአገሬው ሰው እነዚህን ድንጋይ ለፒራሚድ ሠራተኞች ከቀረበ ምግብ የተረፈ ምስር ነው እያለ ያወራ እንደነበረ ጽፏል። በጾም ቀን ምስር ወጥ ለለመድን ሰዎች ወሬው ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም፤ መልኩ ቁርጥ ምስር ነው።

አልሲድ በመስከረም 6 ቀን 1802 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በናንት ከተማ አቅራቢያ፣ ኩኤሮን በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ ሻርል ማሪ ዶርቢኚ የመርከብ ሐኪም ነበር፤ ከሕክምናው ይልቅ ግን ልቡ ያለው ወፍና ቀንድ አውጣ መሰብሰብ ላይ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ወፎችን በመሳል ዓለም ያወቀው ኦዱቦን በወጣትነቱ በዚያው መንደር ሲቀመጥ ከዚህ ሐኪም ብዙ ተምሯል። አልሲድ ያን ጊዜ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ቤተሰቡ ቆይቶ ወደ ደቡብ ተጉዞ በላ ሮሼል አጠገብ ባለችው ኤስናንድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተቀመጠ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሸሽ ጭቃና አሸዋ ያለበትን ሰፊ ሜዳ ትቶ ይሄዳል። አባትና ልጅ ከዚያ አሸዋ እየዘገኑ በማይክሮስኮፕ ያዩ ጀመር። ልጁ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበረ።

በዚያ ጊዜ ስለነዚህ ጥቃቅን ዛጎሎች የሚታወቀው ጥቂት ነበር፤ የሚታወቀውም ተሳስቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ጣሊያናውያን ቤካሪና ቢያንኪ በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ አግኝተዋቸው ነበር፤ ቢያንኪ በ1739 ስለ ሪሚኒ ከተማ አሸዋ የጻፈው መጽሐፍ ታዋቂ ነው። ሊኔየስም በ1758 ጥቂቶቹን በመዝገቡ አስገባ። ሆኖም ሁሉም ያዩት ቅርፊቱን ብቻ ነበር። ቅርፊቱ እንደ ቀንድ የተጠቀለለና በጓዳ የተከፋፈለ ስለሆነ ናውቲለስ የሚባለውን ትልቅ የባሕር እንስሳ ይመስላል። ናውቲለስ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። ስለዚህ እነዚህም በጣም ትንንሽ የኦክቶፐስ ዘመዶች ናቸው ተባለ። ወጣቱ ዶርቢኚ ይህንኑ ተቀብሎ ነው ሥራውን የጀመረው።

በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ሄደ። ኪዩቪዬን የመሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያስተምሩ ነበር። በኅዳር 1825 የጥናቱን ውጤት ለሳይንስ አካዳሚው አቀረበ፤ በ1826 ታተመ። ገና 23 ዓመቱ ነበር። ከትልልቆቹ ከነናውቲለስ ቅርፊት ውስጥ ጓዳዎቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ ቱቦ አለ፤ በጥቃቅኖቹ ግን ቱቦ የለም፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ የሚያሻግር ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ይህን ልዩነት ይዞ ጥቃቅኖቹን ለብቻቸው አወጣና ቀዳዳ ያዦች የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ቃል ፎራሚኒፌር አላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ነው። በዚያው ጽሑፍ ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎችንና ከ50 የሚበልጡ ወገኖችን ዘረዘረ። ዝርያ ማለት አንድ ዓይነት ፍጡር ነው፤ ወገን ደግሞ በትምህርት ቤት ጂነስ የምንለው፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን ባንድ ጣራ ሥር የሚያኖረው ስም ነው።

አመዳደቡ በጓዳዎቹ አሰላለፍ ላይ የቆመ ነበር። ጓዳዎቹ እንደ ጨሌ በአንድ መስመር ከተሰደሩ አንድ ቤተሰብ፤ እንደ ሹሩባ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ከወጡ ሌላ፤ እንደ ቀንድ አውጣ ከተጠቀለሉ ሌላ፤ እንደ ልቃቂት እርስ በርስ ከተደራረቡ ሌላ፤ ጓዳው ራሱ በውስጡ በግድግዳ ከተከፋፈለ ደግሞ ሌላ። በዓይን የሚታይ፣ ማንም ሊከተለው የሚችል መንገድ ነው። ከዚህ በፊት አንዱ ሊቅ ያየውን ሌላው ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሁለት ሰዎች በሁለት አገር ሆነው ስለ አንድ አሸዋ መነጋገር ቻሉ።

ደካማ ጎኑን መሸፈን አይገባም። ካወጣቸው የዝርያ ስሞች ብዙዎቹ መግለጫም ሥዕልም የሌላቸው ባዶ ስሞች ነበሩ። ሥዕሎቹን ሠርቷቸው ነበር፤ ያኔ ግን አልታተሙም። ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ይህ ስም የቱን ፍጡር ነው እያሉ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል።

ያካካሰበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን እነዚህን ነገሮች ለሌላው እንዴት ያሳያል? ከለስላሳ የኖራ ድንጋይ ቀረጻቸው። የአሸዋ ቅንጣቷን በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ከ40 እስከ 200 ጊዜ አጉልቶ፣ በእጅ የሚያዝ ቅርጽ አወጣላት። ከዚያም በጄሶ እያባዛ በ25፣ በ25 እየመደበ ለሙዚየሞችና ለሊቃውንት ሸጠ። በጠቅላላው 100 ቅርጾች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1823፣ ማለትም የ20 ወይም የ21 ዓመት ወጣት ሳለ የወጡ ናቸው። ጥራታቸው ምን ያህል ነው ቢባል፣ ዛሬ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሚነሡት ፎቶግራፎች አጠገብ ቢቀመጡ አያሳፍሩም። የባዮሎጂ መምህራን ስለ ሕዋስ ሲያስተምሩ ከጭቃ ወይም ከካርቶን ሞዴል የሚያሠሩን ተማሪዎች ይህን ሥራ ከማንም በላይ ይረዱታል ብለን እንገምታለን።

ጽሑፉ በታተመበት ዓመት፣ በ1826 የበጋ ወራት፣ ሙዚየሙ ወደ ደቡብ አሜሪካ ላከው። ጥቂት ዓመት ይቆያል የተባለው ጉዞ እስከ 1834 መጀመሪያ ዘለቀ። ብራዚልን፣ ኡራጓይን፣ አርጀንቲናን፣ ቺሊን፣ ፔሩንና ቦሊቪያን አየ። በ1829 በፓታጎኒያ፣ በሪዮ ኔግሮ ወንዝ አካባቢ ስምንት ወር ተቀመጠ። በቦሊቪያ የተራራውንም የደኑንም አገር ዞረ፤ በዚያች አገር ዛሬም ስሙ ከፈረንሳይ ይልቅ ይታወቃል። ሲመለስ ከ10,000 የሚበልጡ የእንስሳት፣ የዕፀዋትና የድንጋይ ናሙናዎች ይዞ ነበር። ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን በ1832 እዚያው ሲደርስ ፈረንሳዊው ቀድሞኝ ጥሩ ጥሩውን ወስዶታል ብሎ ሠግቶ ነበር። በኋላ ግን ዳርዊን ራሱ የሰበሰባቸውን የዛጎል ቅሪተ አካላት እንዲለይለት የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው።

የጉዞውን ታሪክ ለማሳተም ከ1835 እስከ 1847 ድረስ ዓመታት ፈጀበት፤ ዘጠኝ ቅጽ ሆነ። በውስጡ የደቡብ አሜሪካን ሕዝቦች በዘርና በቅርንጫፍ የመደበበት ክፍል አለ። የቋንቋና የልማድ ማስታወሻዎቹ ዛሬም ይጠቅማሉ፤ ሰውን እንደ ዛጎል በመልክ ለይቶ በረድፍ የማኖሩ ነገር ግን ከዘመኑ አብሮ የቀረ፣ ቢቀርም የማያስቆጭ ነው።

በዚህ መካከል መሠረቱን የሚያናጋ ነገር መጣ። በ1835 ፌሊክስ ዱዣርደን የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በሕይወት ያሉ ፎራሚኒፌራዎችን ከባሕር አውጥቶ ተመለከተ። በቅርፊቱ ውስጥ ኦክቶፐስ የሚመስል ነገር የለም፤ ክንድም፣ ዓይንም፣ ልብም የለም። ያለው እንደ አጥሚት የሚፈስ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ቀጫጭን ክሮች እየዘረጋ የሚንቀሳቀስ አንድ ወጥ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የዶርቢኚ ጥቃቅን ኦክቶፐሶች ኦክቶፐስ አልነበሩም። ከወጣትነቱ ጀምሮ የደከመበት፣ አካዳሚው ያመሰገነው ሥራ ርዕሱ ራሱ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሊቅ ይሰናከላል። ዶርቢኚ ግን በ1839 ስለ ኩባ፣ ስለ ካናሪ ደሴቶችና ስለ ደቡብ አሜሪካ ፎራሚኒፌራ ሦስት ሥራዎችን ባንድ ዓመት ሲያሳትም አዲሱን ግኝት ተቀብሎ ነበር። ፎራሚኒፌራን ከኦክቶፐስ ወገን አውጥቶ ራሱን የቻለ መደብ አደረጋቸው። የሚገርመው የወገኖቹ አመዳደብ ሳይፈርስ መቅረቱ ነው። የፍጡሩን ማንነት ስቶ ነበር፤ የቤቱን አሠራር ግን አልሳተም። አንድ ጓዳ ብቻ ላላቸውና ጓዳቸው ክብ እየሠራ ለሚያድገው አዳዲስ ረድፎች ጨመረ እንጂ የቀረውን እንዳለ ተወው። በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አስተዋለ፤ በደቡብ አሜሪካ በአትላንቲክ በኩል ያሉትና በፓሲፊክ በኩል ያሉት ፎራሚኒፌራዎች አንድ አይደሉም። የውኃው ሙቀትና የባሕሩ ሞገድ ሲለወጥ ፍጡራኑም ይለወጣሉ ማለት ነው።

ከዚያ ፊቱን ወደ ጠፉት አዞረ። በ1840 በፓሪስ ዙሪያ ባለው ነጭ ጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ያሉትን መዘገበ። በክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት የተፈጥሮ ጠመኔ በአብዛኛው ከጥቃቅን የባሕር ፍጡራን ቅሪት የተሠራ ነው። በ1846 ደግሞ በቪየና ከተማ ዙሪያ ባለው ደለል ውስጥ ያሉትን ከ200 በላይ ዝርያዎች በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጎን ለጎን አሳተመ። ይህ መጽሐፍ ሥዕሎቹ የተሟሉ፣ መግለጫዎቹ የጠሩ ስለሆኑ ከሥራዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። በ1848 ኦርቢቶይደስ የሚለውን ወገን፣ በ1850 ኦርቢቶሊናን አወጣ። ኦርቢቶይደስ ምስር የመሰለ ትልቅ ዛጎል ነበረው፤ ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍቷል።

የጠፋን ወገን መመደብ ሕያውን ከመመደብ ለምን ይከብዳል? ሕያው ከሆነ ሲመገብ፣ ሲራባ ማየት ይቻላል። የጠፋው ግን ቅርፊቱን ብቻ ነው የተወልን፤ ያም ቢሆን ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ። ኦርቢቶሊናን ተመልከቱ። ከውጭ ሲታይ አክንባሎ ነው፤ ሁሉም አክንባሎ ይመስላል። ዶርቢኚም ያየው ይህንኑ የውጭ መልክ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ተመራማሪዎች ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በስሱ እየፈቀፈቁ ሲያዩት ግን በአናቱ ላይ ፍጡሩ ሕይወቱን የጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ጓዳዎች ተገኙ። እነዚያ ጓዳዎች ከዘመን ወደ ዘመን አሠራራቸው ይለያያል። ስለዚህ ዱሮ ኦርቢቶሊና ብቻ ይባል የነበረው ዛሬ ፓልኦርቢቶሊና፣ ሜዝኦርቢቶሊና እየተባለ በበርካታ ወገኖች ተከፍሏል። በውጭ አንድ የሚመስሉት ሁለት ድንጋዮች በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ፤ ይህን የሚነግረን ያቺ በአናቱ ላይ ያለች ጓዳ ናት። እንደ ሙስታሂል ባለ ድንጋይ ውስጥ የትኛው ንብርብር የትኛውን እንደሚቀድም ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በተለይም ነዳጅ ወይም ጋዝ ፈላጊ፣ ይህችን ጓዳ ያጠናል። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ፍርፋሪ ትልልቅ ዛጎሎችን ሰባብሮ ያወጣል፤ ፎራሚኒፌራ ግን በትንሽነቱ ምክንያት ሳይሰበር ይወጣል።

ዶርቢኚ ዓለም አቀፍ ስም ያገኘበት ሌላው ሥራው የምድርን ዘመን መከፋፈሉ ነው። ከእሱ በፊት ብዙዎች ንብርብሩን በድንጋዩ ዓይነት ይለዩ ነበር፤ ይህ ሸክላ፣ ያ ኖራ እያሉ። እሱ ግን ባንድ ዘመን አንዱ ቦታ ሸክላ፣ ሌላው ቦታ ኖራ ሊተኛ ይችላል፤ ዘመኑን የሚያሳየው በውስጡ ያለው ፍጡር ነው አለ። እያንዳንዱን ዘመን በአንድ ቦታ ስም ሰየመ። አፕት ከምትባለው ከተማ አፕሺያን፣ ከኦብ ወንዝ የላቲን ስም አልቢያን፣ ከለ ማን ከተማ የጥንት ስም ሴኖማኒያን፣ ከቱዋር ቶዋርሺያን፣ ከቱር ቱሮኒያን። የሙስታሂል ድንጋይ ዕድሜ ሲነገር ከእነዚህ መካከል ያሉት ስሞች ይጠራሉ። በመቀሌ ዙሪያ ያለውና ዊልያም ብላንፎርድ ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ብሎ የሰየመውም በኦክስፎርዲያንና በኪመሪጅያን ዘመን የተነባበረ ነው ይባላል፤ እነዚህንም በደረጃነት ያደላደላቸው ዶርቢኚ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከድሬዳዋ ወደዚህ ሲመጡ የሚያልፉበት የዓሊ ሳቢህ አካባቢም የጁራሲክ ዘመን የኖራ ድንጋይ አለው። በሃያብለና በባልባላ በየሜዳው የምናየው ጥቁር ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ዛጎል ፍለጋ የሚደክምበት ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይልቅ ወደ ኮር አምባዶ ሲኬድ ከዳርቻው ነጭ አሸዋ አንድ ጭብጥ ወስዶ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል። በሞቃት ባሕሮች ኮራል ዳር በብዛት የሚኖረው አምፊስቴጂና የሚባለው ወገን ስሙን ያገኘው ከዚያው ከ1826ቱ ዝርዝር ነው።

ከ1850 እስከ 1852 ባወጣው ባለ ሦስት ቅጽ መዝገብ ወደ 18,000 የሚጠጉ የጠፉ ዝርያዎችን በየዘመናቸው አሰለፈ። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ ለማመን ያስቸግራል። ያመነበት ማብራሪያ ግን አልጸናም። እንደ መምህሩ እንደ ኪዩቪዬ በጥፋት ያምን ነበር። በእሱ አቆጣጠር የምድር ታሪክ 27 ዘመናት አሉት፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ ሕይወት ሁሉ ይጠፋል፣ ከዚያም አዲስ ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው የተሻገረ ዝርያ ሲያገኝ ሁለት ስም ለመስጠት ይገደድ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ካለ ሐሳቡ ይፈርሳልና። ይህ በምደባ ሥራ ውስጥ ትልቅ አደጋ ነው። ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ሐሳቡ የሚፈልገውን መሰየም ይሆናል።

ኑሮውስ እንዴት ነበር? ከደቡብ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ለ20 ዓመት ገደማ ቋሚ የትምህርት ወንበር አላገኘም። ለሳይንስ አካዳሚው አባልነት ደጋግሞ ተወዳደረ፤ አንድም ጊዜ አልተመረጠም። አንዳንዱ ዛጎል መቁጠር ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም፣ የጂኦሎጂ ወይም የእንስሳት ጥናት አገልጋይ ነው ይል ነበር። በሐምሌ 1853 ናፖሊዮን ሦስተኛ በአዋጅ በሙዚየሙ ውስጥ የቅሪተ አካል ጥናት ወንበር አቋቁሞ ዶርቢኚን ሾመበት። በዓለም ላይ ለዚህ ጥናት የተቋቋመ የመጀመሪያው ወንበር ነው ይባላል። በባልደረቦች ምርጫ ሳይሆን በንጉሥ ትእዛዝ የገባ ሰው በመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደስታውም አጭር ነበር። በልብ ሕመም ታሞ ቆይቶ ሰኔ 30 ቀን 1857 ከፓሪስ በስተ ሰሜን በምትገኘው ፒየርፊት በተወለደ በ54 ዓመቱ አረፈ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ከሞተ በኋላ ትችቱ በረታ። በ1860ዎቹ እንግሊዛውያኑ ካርፔንተር፣ ፓርከርና ጆንስ ፈረንሳዊው ፎራሚኒፌራን ከልክ በላይ ከፋፍሏቸዋል፣ አንዱን ፍጡር አሥር ስም ሰጥቶታል አሉ። ፓርከርና ጆንስ ክርክራቸውን የገነቡት የእሱን የጄሶ ቅርጾች አንድ በአንድ እየመረመሩ ነበር። ሌላም ዱብ ዕዳ መጣ። በ1880ዎቹ ሙኒዬ ሻልማና ሽሉምበርዤ የተባሉ ፈረንሳውያን እንዳሳዩት አንዱ ዝርያ በሁለት መልክ ይኖራል፤ በአንዱ ትውልድ የመጀመሪያዋ ጓዳ ትልቅ፣ በሌላው ትውልድ ትንሽ ናት፤ ዛጎሉም በዚያው ልክ ይለያያል። እናትና ልጅ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ተመዝግበው ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዶርቢኚ ባለ አምስት ጓዳ፣ ባለ ሦስት ጓዳና ባለ ሁለት ጓዳ እያለ በሦስት ወገን የለያቸው ልቃቂት መሳዮች አንዳንዶቹ የአንድ ፍጡር የልጅነት፣ የጉርምስናና የጉልምስና መልኮች ሆነው ተገኙ። ባለ አምስቱ ኩዊንኬሎኩሊናና ባለ ሦስቱ ትሪሎኩሊና እስከ ዛሬ በስማቸው ሲጸኑ፣ ባለ ሁለቱ ቢሎኩሊና ግን ከመዝገቡ ወጥቷል።

እንግሊዛውያኑ ከልክ በላይ ከፋፍሏል ያሉት ክስም ከ60 ዓመት በኋላ ዞሮ መጣባቸው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የነዳጅ ኩባንያዎች የንብርብሮችን ዕድሜ በፎራሚኒፌራ መለካት ሲጀምሩ በጥቂት ስሞች ሥር የተጨፈለቁት ዝርያዎች ዘመንን መለየት አልቻሉም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኩሽማን በማሳቹሴትስ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ እንደገና መከፋፈል ጀመረ። አሁን ግን መለኪያው የጓዳ አሰላለፍ ብቻ አልሆነም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግድግዳው ከምን ተሠራ ነው፤ ከተለቀመ አሸዋ፣ እንደ ሸክላ ሲኒ ከሚያብለጨልጭ ነጭ ካልሳይት፣ ወይስ ቀዳዳ ከበዛበትና ብርሃን ከሚያሳልፍ? ጓዳው ቀጥሎ ይመጣል፤ ከዚያ የአፉ ቅርጽ። በ1988 አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሎብሊክና ታፓን ያሳተሙት ታላቅ መዝገብ ከ2,000 የሚበልጡ ወገኖችን በዚህ መንገድ አሰልፏል። ቡሊሚና፣ ኡቪጀሪና፣ ካልካሪና፣ ሄቴሮስቴጂናና አምፊስቴጂና የተባሉት የዶርቢኚ ወገኖች አሁንም አሉበት። ግሎቢጀሪናም አለ። ይህን ወገን ከባሕር ዳር አሸዋ አግኝቶ ሲሰይመው በጥልቁ ውቅያኖስ ወለል ላይ በሰፊው የተነጠፈ ጭቃ ከዚሁ ፍጡርና ከዘመዶቹ ቅርፊት የተሠራ መሆኑን አላወቀም።

የሰበሰበው ንብረት ከ100,000 በላይ ናሙናዎች ነበሩት። ቤተሰቡ በ1858 ለሙዚየሙ ሸጠው። ወንበሩን አዶልፍ ዳርሺያክ ወረሰ፤ እሱም የኑሙላይት አዋቂ ነበር። ናሙናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንድ ተመራማሪ ኦርቢቶሊና ያገኘ ሲመስለውና የስሙ ነገር ሲያጠራጥረው፣ ክርክሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እዚያ መሳቢያ ዘንድ ነው።